«አወቁኝ? እኔ ማን ነኝ?» ይቅርብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ጠያቂ ይጎርፋል። ሙዝና ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ የመጣው ሁሉ አልጋው ራስጌ ጎንበስ ይልና ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባባ! አወቁኝ? እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። የታማሚው ፊት በራ ይላል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። ስሙ ግን አይመጣም፤ ወይም የሌላ ሰው ስም ይመጣል። ጠያቂው ወደ ቤተሰቡ ዞር ብሎ «ጭራሽ ረስተውኛል እኮ!» ይላል፣ ታማሚው እዚያው እየሰማ። የሚቀጥለው ጠያቂም ያችኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በቀን አሥር ሰው ከመጣ አሥር ፈተና፣ አሥር ውድቀት ነው። በሳምንቱ ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ይጀምራል።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከስትሮክ በኋላ ታማሚዎችን በመከታተል ሥራ ላይ ያለን ነርሶች፣ የፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ነን። ጋዜጦች ስለ ስትሮክ ሲጽፉ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጨውና ስለ ስኳር በሚገባ ይጽፋሉ፤ ደግ ነው። አንደበቱ ተይዞ ቤት ስለገባው ሰው ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እንደልብ አይገኝም፤ ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ሲባል ደግሞ ጭራሹን የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ሥራው ሚስት፣ ልጅ፣ አንዳንዴም የቤት ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል። ፍቅር አያንሳቸውም፤ የሚያንሳቸው አሠራሩ ነው። ካየነው ስህተት ሁሉ የሚብሰውም ይኸው ነው፤ ቤቱ ሳይታወቅ ፈተና ቤት ይሆናል።

በስሙ እንጀምር። ከቃላት ሁሉ የሰው ስም ይከብዳል። ታማሚው «ጋቢ» የሚለው ቃል ቢጠፋበት «ልብስ» ወይም «የሚሞቅ» ብሎ ዙሪያውን ሊዞር ይችላል፤ «ከበደ»ን ግን በምን ይዞረዋል? ስም መጥራት አለመቻል ሰውን ከመርሳት ጋር አይገናኝም። ፊቱ የበራው ስላወቃችሁ ነው። ጠያቂ ሲገባ ራሱን ያስተዋውቅ፤ «አባባ፣ እኔ የእህትዎ ልጅ አልማዝ ነኝ፤ እንደምን ዋሉ?» ይበል። አንድ ቃል መጥራት ያቃተው ሰው ለሰላምታው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ጥርት አድርጎ ሲመልስ ቤቱ ይደነግጣል። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ሰላምታ፣ ጸሎት፣ ቆጠራ፣ የሳምንቱ ቀናት፣ አልፎ አልፎም ስድብ በድግግሞሽ የጠነከረ ንግግር ስለሆነ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚሠራበት መንገድ ወጣ ባለ መንገድ ይመጣል። በዕድሜው ተሳድቦ የማያውቅ ሰው ስድብ ሲያመልጠውም ጠባዩ ተለወጠ ማለት አይደለም። ወንድ ልጁን «አንቺ» ቢልም ተናደደብኝ ብላችሁ አትያዙት፤ የቃሉ መጨረሻ ነው የተንሸራተተበት።

አብዛኛው ሰው ቋንቋን የሚያስተናግደው በግራ የአንጎል ክፍል ነው። ግራው አንጎል ቀኝ እጅና እግርንም ስለሚያዝ የቀኝ ጎን መዛልና የንግግር መጥፋት ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 የመረመረው ሰው የሚነገረውን እየተረዳ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የምትል ድምፅ ብቻ ነበረች። ሲሞት አንጎሉ ተመርምሮ ጉዳቱ በግራው ፊተኛ ክፍል ተገኘ። የእኛም ታማሚዎች ብዙዎቹ እንደዚያ ሰው ናቸው፤ ውስጣቸው ያለውና ከአፋቸው የሚወጣው አይመጣጠንም።

«መናገር አቃተው» የሚባለው ነገር ቢያንስ በሦስት ይከፈላል። መለየቱ የሚጠቅመው ልምምዱ ስለሚለያይ ነው። አንደኛው የጡንቻ ድክመት ነው። ቃሉ ትክክል ነው፤ ድምፁ ግን እንደ ሰከረ ሰው ይጎተታል፣ ይድበሰበሳል። ይህ ሰው በደህናው እጁ ስልክ ላይ ሳይሳሳት መጻፍ ይችላል። ዲሳርትሪያ ይባላል። ሁለተኛው አፉ መንገዱን ሲስት ነው። ጡንቻው ብርቱ ሆኖ ሳለ ምላሱና ከንፈሩ ቦታቸውን ይፈልጋሉ፤ «ቡና» ለማለት «ሙ… ፑ… ቡ…» እያለ ይዳክራል፤ ብርጭቆ ሲወድቅ ግን «ውይ!» የምትለዋ ጥርት ብላ ትወጣለች። ይህ የንግግር አፕራክሲያ ነው። ሦስተኛው አፌዥያ ነው፤ የተነካው ራሱ ቋንቋው ነው፣ ቃል ማግኘት፣ ዓረፍተ ነገር መሥራት፣ የሰሙትን መረዳት፣ ማንበብና መጻፍ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተደባልቀው ይመጣሉ።

ከአፌዥያ ውስጥ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ አንድ ዓይነት አለ። ሰውየው ይናገራል፤ ቅላጼው እንደ ድሮው ነው፣ እጁንም እያወናጨፈ ያወራል፤ ቃላቱ ግን ትርጉም የላቸውም፣ አንዳንዶቹም በአማርኛ የሌሉ ናቸው። የተነገረውን በደንብ ስለማይረዳ የራሱንም ስህተት አይሰማውም፤ ስላልገባችሁት ይቆጣል። «አእምሮው ተነካ»፣ «ለከፈው» ተብሎ የሚታሰረው ወይም የሚገለለው ይህ ሰው ነው። እብደት አይደለም፤ ጉዳቱ ወደ ኋላ ባለው የግራ አንጎል ክፍል፣ መስማትን ከትርጉም በሚያገናኘው በኩል ስለሆነ ነው።

ልምምዱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት የማይዘለል ነገር አለ፤ መዋጥ። ንግግር የያዘው ስትሮክ ጉሮሮንም ብዙ ጊዜ ይነካል፤ ለደካማ ጉሮሮ ደግሞ ከምግብ ይልቅ ውሃ ሊከብደው ይችላል፣ ስለሚፈጥን። መንገዱን የሳተው ምግብ ወይም ውሃ ሳንባ ውስጥ ይገባና ከቀናት በኋላ ትኩሳትና የሳንባ ምች ይሆናል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «መዋጡ ተፈትሿል ወይ? ቀጭን ፈሳሽ ይፈቀድለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሲጠጣ ወይም ሲበላ ካሳለው፣ ዓይኑ እንባ ካቀረረ፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ ያዘለ ዓይነት ከሆነ አቁሙና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ምንም ሳያስለው ወደ ሳንባው የሚገባበትም አለና ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ራሱ ምልክት ነው። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አንገቱ ወደ ኋላ አይቃና። በሻይ ማንኪያ ስጡ፤ ከአንገቱ ፊት ያለችው ማንቁርት ወደ ላይ ወጥታ ስትመለስ ካያችሁ በኋላ ሌላውን። በዛለው በኩል ጉንጩ ውስጥ ምግብ እንዳልተወሸቀ ተመልከቱ፤ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ ይቀመጥ። ጠዋትና ማታ ጥርሱንና ምላሱን ማጽዳትም ሳንባን ይጠብቃል። ተኝቶ ሳለ በብርጭቆ ጸበል የሚጋቱ ቤተሰቦችን እናያለን። እምነታቸውን አንነካም፤ ግን ባለሙያ ውሃ አይጠጣ ካለው ጸበልም ውሃ ነው። መረጨቱ፣ ፊቱን መታጠቡ ይበቃዋል።

ደግሞም መነጽሩን አድርጉለት፤ የመስሚያ መሣሪያና ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለውም እንደዚሁ። ሞኝ ነገር ይመስላል፤ ግን ሥዕሉ ያልታየውን ሰው «አላወቀውም» ብሎ የሚመዘግብ ቤት ብዙ ነው። በግራ አንጎል ስትሮክ የቀኙ የእይታ ግማሽ ሊጠፋም ይችላል። ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ምግብ እየተወ ከተነሣ ጠርጥሩ፤ የምታሳዩትን ሥዕልም፣ ራሳችሁንም ወደ ግራው አድርጉ።

አነጋገርን በተመለከተ፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። አንድ ሰው ብቻ ያውራ። ከፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ አትጩሁ፤ ስትሮኩ የነካው ጆሮውን አይደለም። እንደ ሕፃንም አታባብሉት። ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አሥር ቁጥር ለጤነኛ ሰው ዘላለም ይመስላል፤ ሦስት ሳይሞላ ነው ልጁም ሚስቱም ቃሉን ከአፉ የሚነጥቁት። ለእሱ ግን ያቺ ጊዜ የሥራው ዋና ክፍል ናት። ካልመጣ ክፍት ጥያቄውን ተዉና ምርጫ አቅርቡ፤ «ምን ይጠጣሉ?» ሳይሆን የሻይ ስኒና የቡና ስኒ በሁለት እጅ ይዞ «ሻይ? ወይስ ቡና?»። ያም ካልሆነ አዎና አይደለም የሚመለስለት ጥያቄ ጠይቁ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ነው፤ በአፌዥያ «አዎ» እና «አይ» ይገለባበጣሉ። እኛ ደግሞ «አዎ»ን ትንፋሽ ወደ ውስጥ በመሳብ ወይም ቅንድብ በማንሳት ብቻ እንላለን፤ ያችን ትንፋሽ ስሟት፣ ከቃሉ ቀድማ የምትመለሰው እሷ ልትሆን ትችላለች። ለማረጋገጥ ግን ጥያቄውን ገልብጡት፤ «ቡና ነው የፈለጉት?» ብላችሁ ከሆነ ጥቂት ቆይታችሁ «እንግዲያው ሻይ ላምጣ?» በሉ። ሁለቱንም «አዎ» ካለ መልሱ ገና አልተገኘም። ስለ ቤት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ውክልና ሲሆን ደግሞ ይህ ማረጋገጥ በሌላ ቀንም፣ በጽሑፍና በሥዕልም መደገም አለበት። አይናገርም ማለት አይወስንም ማለት አይደለም፤ ጣቱን ይዘው ወረቀት ላይ ያስነኩትን ሰው ፈቃዱን ሰጠ አንልም።

አሁን ልምምዱ። በየቤቱ የምናየው የሕፃናት መማሪያ የሆነ የአንበሳና የዝሆን ሥዕል ነው። ስልሳ ዓመት የሞላው ነጋዴ ዝሆንን ምን ያደርግበታል? መጀመሪያ ሃያ ያህል ቃል ብቻ ምረጡ፤ እሱ ራሱ በየቀኑ የሚያስፈልጉትን። እዚህ ላይ አማርኛ ትልቅ ውለታ ይውልልናል። እንደ እንግሊዝኛ ባለ ቋንቋ የተዘጋጁ ልምምዶች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቃል መገጣጠም ይጠይቃሉ፤ በእኛ ግን «በረደኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «አመመኝ» እያንዳንዳቸው በአንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ከእነዚህ ጀምሩ። «በቃኝ» እና «እንቢ» አይቅሩ። መከልከል የማይችል ሰው ሌላውን ቃል ለመልመድም አይነሣሣም፤ እነዚህን ሁለቱን ሲያገኝ የቤቱም ጩኸት ይቀንሳል። ከዚያ ዕቃዎቹን ጨምሩ፤ ሥዕላቸውን ሳይሆን እነሱን ራሳቸውን፣ ወይም በስልክ የተነሣ የራሱን ምርኩዝ፣ የራሱን ጋቢ።

አንዷን ቃል እስከ መጨረሻው እንያት፤ ጋቢን። ጋቢውን ጭኑ ላይ አድርጉለት፣ በደህናው እጁ ይዳስሰው። ምንም ሳትናገሩ እስከ አሥር ጠብቁ። ካልመጣ ስለ ነገሩ አውሩለት፤ «ከጥጥ ፈትል ነው የሚሠራው፣ ማታ ማታ ይለበሳል፣ ከነጠላ ይወፍራል…» ደግሞ ጠብቁ። ካልመጣ ዓረፍተ ነገር ጀምሩለት፤ «ኧረ በረደኝ፣ እስቲ ያንን ነጭ…» እና ዝም። ካልመጣ አፋችሁን እያሳያችሁ «ጋ…» በሉ፣ ወይም «ጋ»ን በትልቁ ጻፉለት። ካልመጣ አብራችሁ በአንድ ድምፅ በሉት። ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነው እናንተ ብላችሁ እሱ የሚደግመው። ቤተሰብ የሚሳሳተው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው፤ «በል! ጋቢ በል! ጋቢ!» መድገም ማሚቶ ነው፤ መቶ ጊዜ የደገመው ቃል ማታ ሲበርደው አይመጣለትም፣ ምክንያቱም ቃሉን ፈልጎ አላገኘውም፣ ተቀበለው እንጂ።

ቃሉ ሲወጣ አጨብጭባችሁ ብቻ አትለፉት። አምስት ሰከንድ ቆይታችሁ ያለ እርዳታ መልሳችሁ ጠይቁት። ከመለሰ አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ ወሬ አውርታችሁ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት። ከሳተ መልሱን ንገሩትና ወደተሳካለት ርቀት ተመለሱ። ማታ ሲመሽ ብርድ ልብስና ጋቢ ይዛችሁ «የትኛውን ላልብስዎ?» በሉት። ሥራው ያን ጊዜ ነው የተፈጸመው።

አንድ ሌላ ነገር ያጋጥማችኋል። «ጋቢ» ካለ በኋላ ስኒ ብታሳዩት «ጋቢ»፣ ቁልፍ ብታሳዩት «ጋቢ» ይላል። እያሾፈ አይደለም፤ ቃሉ ተጣብቆበት ነው። በማረም አይላቀቅም፣ ይብስበታል። ዕቃዎቹን በሙሉ ከዓይኑ አንሡ፣ ግማሽ ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር አውሩ፣ ከዚያ በድምፅም በትርጉምም ከጋቢ የራቀ ቃል ይዛችሁ ተመለሱ። ጋቢን ከነጠላና ከብርድ ልብስ ጋር በአንድ ቀን አታለማምዱ።

የሚነገረው በደንብ እየገባው ቃል ግን የማይወጣለትን ሰው ዜማ ሊያግዘው ይችላል። ዘዴው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕክምና ይሠራበታል፤ ዘፈን ማዘፈን ግን አይደለም። አንድ የሚፈለግ ቃል ይወሰዳል፤ «በረደኝ»። በሁለት ድምፅ ብቻ፣ ዝቅና ከፍ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አዚሙት፤ በ–ረ–ደኝ። ለእያንዳንዱ የቃሉ ክፍል ግራ እጁን ይዛችሁ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ምቱ፤ ሦስት ምት ይሆናል። መጀመሪያ በአፍንጫችሁ አንጎራጉሩት፣ እሱ እጁን ብቻ ይምታ። ከዚያ አብራችሁ በሉት። ከዚያ በመካከል ድምፃችሁን እየቀነሳችሁ ጥፉና እሱ ይጨርሰው። ከዚያ እናንተ ብላችሁ እሱ ለብቻው ይመልስ። በመጨረሻ «ምን ሆኑ?» ስትሉት «በረደኝ» እስኪል፤ ዜማውም ቀስ በቀስ ወደ ተራ ንግግር ይውረድ። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ወይም ቤተሰቡ ዜማው ላይ ይቀራል። መዝሙር ሲከፈትለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዜም ሰው በማግስቱ ውሃ መጠየቅ ሲያቅተው ቤቱ ያዝናል፤ መዝሙሩ ለመንፈሱ ጥሩ ነው፣ ንግግር የሚሆነው ግን ምቱ ወደሚፈልገው ቃል ሲሻገር ነው።

ለዚያ ትርጉም የለሽ ቃል ለሚያዘንበው ሰው ይህን አታድርጉ፤ ችግሩ የቃል ማነስ አይደለም። ለእሱ መረዳትን አለማምዱ፤ ሁለት ዕቃ አስቀምጡና «ማንኪያውን ይስጡኝ» በሉ፣ ሲሳካ ሦስት፣ አራት። እጅን ከፍ አድርጎ «ቆይ» የሚል አንድ ምልክት ተስማሙና ንግግሩ ሲጎርፍ በቁጣ ሳይሆን በእሱ አስቁሙት። የተናገራችሁትን ዋና ቃል እየጻፋችሁ አሳዩት፤ አንዳንዱ ከሚሰማው ይልቅ የሚያነበው ይገባዋል።

ስንት ጊዜ? አንድ ሙሉ ከሰዓት ከማድከም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ይሻላል፤ በሳምንት አምስት ቀን ያላነሰ። ድካም ቃልን ይበላል፤ ጠዋት አርፎ ሲነሣ የነበረው አንደበት ማታ ቢጠፋ በሽታው ተመልሶ አይደለም። ስህተት ሲደራረብ በሚችላት ቃል አስጨርሱትና ተዉት። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ቃሉንና በየትኛው እርዳታ እንደመጣ ጻፉ፤ «በ‹ጋ› መጣ»፣ «በራሱ መጣ» ብሎ። ከሳምንት ሳምንት ለውጡ በዓይን ስለማይታይ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው ያለ ደብተር ነው። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይፈጥናል፤ «ስድስት ወር ካለፈ አይመለስም» የሚባለው ግን ስህተት ነው፣ በልምምድ ከዓመታት በኋላም የሚጨምር አለ። ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል ብለን ደግሞ አንዋሽም። እንቅልፉና ምግቡ ከጠፋ፣ ፊቱ ከጠቆረ፣ ሲያለቅስ ከዋለ ደግሞ ለሐኪም ንገሩ፤ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድባቴ የተለመደ ነው፣ መድኃኒትም አለው።

ከተዘጋጀ ክፍለ ጊዜ ሁሉ የሚበልጥ ልምምድ በቤታችን አለ፤ ቡና። ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ሲፈላ ሰዓት ይወስዳል፣ ማንም አይቸኩልም፣ ዕቃው ሁሉ ፊት ለፊት ነው፣ የሚባለውም ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ታማሚውን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡት። አቦሉ ላይ ሰላምታና ምርቃት ብቻ ይሁን፤ በቡድን «አሜን» ማለት ለብዙዎች የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ቶናው ላይ አንድ ሁለት የተለማመደውን ቃል አምጡበት፤ ስኳሩን ሆን ብላችሁ ሳታደርጉ ስጡትና ጠብቁ። በረካው ላይ ልምምዱን ተዉትና ዝም ብሎ ይጫወት፤ ሰው ሲያወራ መስማትም ይናፍቃል። ቡናው ራሱ ትኩስና ቀጭን ፈሳሽ መሆኑን ግን ከላይ ካልነው ጋር አስታውሱ።

ቃል እስኪመጣ መግባቢያ ያስፈልጋል። በውጭ አገር ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ሰሌዳ ይጻፍና ታማሚው በጣቱ እየጠቆመ ይጽፋል። ይህን አይተው የፊደል ገበታ ገዝተው የሚሰቅሉ አሉ፤ 33ቱ በ7 ቤት ሲባዛ 231 ሳጥን ነው፣ አንዲቷን መፈለግ ለጤነኛም አድካሚ ነው፤ አፌዥያ ያለበት ሰው ደግሞ ፊደል መገጣጠሙ ራሱ ነው የተነካበት። ገበታው የሚጠቅመው ቋንቋው ደህና ሆኖ አፉ ብቻ ለታሰረው ነው፤ ለእሱም የግዕዙን አምድ ለብቻ አድርጉለትና ፊደሉን ከጠቆመ በኋላ ስንተኛው ቤት እንደሆነ በጣቱ ቁጥር ይንገራችሁ። ለአፌዥያ የሚሻለው ደብተር ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ከስድስት የማይበልጥ ሥዕል ወይም ፎቶ፣ ከሥሩ በትልቁ የተጻፈ ቃል። አንድ ገጽ ለሕመም ይሁን፤ የሰው ቅርጽ ከፊትና ከኋላ፣ የሚያመውን የሚነካበት። አንዱ ለቤተሰብ፣ ከነፎቶና ከነስም። አንዱ ለምግብ፣ ከጾሙ ጋር። አንዱ ለቀንና ለሰዓት። አንዱ ላይ «ሌላ ነገር ነው» እና «አልገባችሁም» የሚል ይኑር፤ እሱን የረሳ ደብተር ታማሚውን ባልፈለገው ሃያ ሥዕል መካከል ያስረዋል። ደብተሩ ከመሳቢያ ሳይሆን ከእጁ ሥር ይቀመጥ፤ መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ እያወራችሁ ጠቁሙበት፣ አለዚያ የበሽተኛ ዕቃ መስሎት ይጠላዋል።

ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲሆን ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ላይመለሱ ይችላሉ። አዲስ አበባ አርባ ዓመት ኖሮ ኦሮምኛው ወይም ጉራግኛው ቀድሞ የሚመጣ አለ። በመጣው ተቀበሉት፤ «በአማርኛ በል» አትበሉት። በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ምርመራው በማያውቀው ወይም ግማሽ በሚያውቀው ቋንቋ ብቻ እንዳይደረግ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የቤተሰብ ልጅ ሲያስተረጉም ከፍቅሩ የተነሣ የአባቱን የተሰባበረ ቃል አቃንቶ ያቀርባል፤ ሐኪሙም ችግሩን ሳያየው ይቀራል። አስተርጓሚውን «የተሳሳተውን እንደተሳሳተ ንገራቸው» ማለት አይከፋም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደም ግፊቱ ተጠብቆ፣ የታዘዘው መድኃኒት ሳይቋረጥ ነው። እየተሻለው የነበረ ሰው በድንገት አንደበቱ ከጠፋ፣ ፊቱ ከተጣመመ ወይም ሌላ እጁ ከዛለ ግን ልምምድ የለም፤ ሆስፒታል ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና «ተኝቶ ቢነሣ ይሻለዋል» አይባልም፤ ደህና የነበረበትን የመጨረሻ ሰዓት ጽፋችሁ ሩጡ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም አንድ ልመና አለን። ጋዜጣችሁ በብዙ ቤት ከአልጋው አጠገብ አለ፤ ርዕሱ በትልቅ ፊደል ስለሚታተም ከታማሚ ጋር በአንድ ድምፅ ለማንበብ ይመቻል፤ አስታማሚዋ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ቀስ ብላ። በወር አንድ ጊዜ ከማስታወቂያው ገጽ ሩቡን ብትለቁልንና «ጠማኝ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃኝ»፣ «እንቢ»ን ከሥዕላቸው ጋር በትልቁ ብታትሙ፣ ካሜራም ማተሚያም በሌለበት ቤት በመቀስ ተቆርጦ ደብተር ላይ ይለጠፋል። ቃላቱንና የሥዕሎቹን ንድፍ አዘጋጅተን በነፃ እናቀርባለን። ጀርባው ላይ የሚታተመው ግን ጥቁር ፎቶ አይሁን፤ ወደዚህኛው ገጽ ያልፍና ሥዕሉን ያደበዝዘዋል።

ከአክብሮት ጋር
በስትሮክ ታማሚዎች ክትትል የምንሠራ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ